«ፈርመሽ ላኪልኝ» አለኝ፦ ባሌ ቨርጂኒያ፣ እኔ አዲስ አበባ

ሰብለ (አዲስ አበባ)፣ የካቲት 2017

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ስለረዘመ ይቅርታ። ቤተሰብ ማማከር ስለከበደኝ ነው እዚህ የጻፍኩት።

በ2004 ዓ.ም. ማዘጋጃ ፈርመን ተጋባን። ልጃችን አሥር ዓመቷ ነው። ባለቤቴ በ2009 ለሥልጠና አሜሪካ ሄደና በዚያው ቀረ። ጥገኝነት ጠይቆ ተፈቀደለት። አሁን ግሪን ካርድ አለው፣ የሚኖረውም ቨርጂኒያ ነው። መጀመሪያ በየማታው ይደውል ነበር። ቀስ በቀስ በሳምንት ሆነ፣ ከዚያ በዓል በዓል ብቻ። ላለፉት ሦስት ዓመታት የሚደውለው ለልጁ ልደት ነው። ሌላ ሰው እንዳለው ሰምቻለሁ። እኔም አልጠየቅኩት፣ እሱም አልነገረኝ።

ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም አሥራ አንድ ገጽ ላከልኝ። በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። የምፈርምበት ቦታ በቢጫ ተቀብቷል፣ አምስት ቦታ ቆጠርኩ። «አሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ ያዢና እዚያ ፈርመሽ በዲኤችኤል ላኪልኝ። ፎርማሊቲ ነው» አለኝ። የኤምባሲውንም የዲኤችኤሉንም ብር ወዲያው ላከ። ለልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ግን ከመስከረም ጀምሮ ስለምነው ነበር።

መፋታቱን እኔም እፈልጋለሁ። ባል እያለኝ ስምንት ዓመት ብቻዬን ኖሬያለሁ። የምፈራው ሌላ ነው። የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ዕጣው የወጣው ከተጋባን በኋላ ነው፣ ግን በሱ ስም ነው። የባንኩን ዕዳ በየወሩ የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ከፋርማሲ ደሞዜ። ከፈረምኩ ቤቱ ይሄዳል? እዚያ ከተፋታን እዚህም ተፋታን ማለት ነው? ልጄንስ «እወስዳታለሁ» ይል ነበር። ፍቺው ሲያልቅ የሷም ነገር አብሮ ያልቃል?

ማርታ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ እንዳትፈርሚ። በደንብ በማታነቢው ቋንቋ የተጻፈ ነገር ላይ አምስት ፊርማ ማኖር ማለት ዓይንን ጨፍኖ ገደል አፋፍ ላይ መራመድ ነው። መጀመሪያ አስተርጉሚው። ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ቤት ውሰጂው፣ ጎረቤት ወይም የአክስት ልጅ አይሁን። ብሩ ቢበዛብሽ እንኳን ከቤት አይበልጥም።

ያገር ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰብለ፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ግን በ2014 እዚሁ ቨርጂኒያ ተፋትቻለሁ፣ የልጆቼ እናት ያኔ ሀዋሳ ነበረች። ያየሁትን ልንገርሽ።

እዚህ ፍቺ የየግዛቱ ጉዳይ ነው። ቨርጂኒያ ለመፋታት አንዳችሁ ቢያንስ ስድስት ወር እዚህ የኖረ መሆን አለበት። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ደግሞ ለመፋታት ብሎ አንድ ዓመት ተለያይቶ መኖር ያስፈልጋል። እናንተ ከዚያ በላይ ኖራችኋል። ስለዚህ አንቺ ብትፈርሚም ባትፈርሚም እሱ መፋታት ይችላል። መጥሪያ ይልክልሻል፣ ካልደረሰሽ ደግሞ ፍርድ ቤቱን አስፈቅዶ በጋዜጣ ያስጠራሻል። ይህን ማወቅሽ ይጠቅምሻል፣ ምክንያቱም «ካልፈረምሽ ታስሬ ቀረሁ» ቢልሽ እውነት አይደለም።

ታዲያ ፊርማሽን ለምን ፈለገው? በኔ ግምት ላንቺ የመጣው ሁለት ወረቀት ነው። አንዱ መጥሪያ ተቀብያለሁ የሚል ነው። በዚያው ላይ ብዙ ጊዜ «ከዚህ በኋላ ስለ ጉዳዩ ባይነገረኝም ተስማምቻለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኖራል። እሱን ከፈረምሽ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ሳትሰሚ ያልቃል። ሁለተኛው የንብረት ስምምነት ነው። እዚህ ያለው ዳኛ አንቺ እዚህ ኖረሽ ስለማታውቂ፣ ካልቀረብሽ ወይም ካልተስማማሽ በቀር ጋብቻውን ያፈርሳል እንጂ ባንቺ ድርሻ ላይ መወሰን ይቸግረዋል። በስምምነት ከፈረምሽ ግን ራስሽ ሰጠሽ ማለት ነው። የሱ ፍቺ ያለ ፊርማሽ ይሆናል፣ የንብረቱ ነገር ግን ያለ ፊርማሽ አይሆንለትም።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔም ለልጆቼ እናት እንዲህ ያለ ወረቀት ልኬላት ነበር፣ ምንም ሳላብራራ። ያኔ ጠበቃዬ ያዘጋጀልኝን መላኬ ብቻ መሰለኝ። ሦስት ሳምንት አልቅሳ እንደሰነበተች ያወቅሁት በኋላ ከእህቷ ነው። ዛሬ ቢሆን መጀመሪያ ደውዬ ገጽ በገጽ እነግራት ነበር።

ጠበቃው (ልደታ)

እህት ሰብለ፣ ፋይሉን ሳላየው ስለ ወረቀቱ አልናገርም። ስለ እኛ አገር ሕግ ግን ላስረዳሽ።

አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ክልል ያላችሁ አንባቢዎች የእናንተን እዩ። ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። በስምምነት ይሆናል፣ ወይም አንዳችሁ ታመለክታላችሁ። በስምምነት ከሆነ ምክንያት ተናገሩ ተብላችሁ አትገደዱም። ዳኛው ያነጋግራችኋል፣ ካስፈለገም እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣችኋል።

ወደ ቤቱ እንምጣ። በአንቀጽ 63 መሠረት ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። በአንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ ቤትን አንዱ ያለሌላው ስምምነት መሸጥ፣ ማከራየት ወይም በዋስትና ማስያዝ አይችልም። ሸጦት ቢገኝ ማወቅሽ ከተረጋገጠበት ቀን አንስቶ በስድስት ወር ውስጥ፣ ያም ሆኖ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ እንዲፈርስ ትጠይቂያለሽ። ይህ ጊዜ ያለፈባቸው ብዙ ሴቶች ቢሮዬ መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ስለዚህ ሥጋት ካለሽ ዛሬውኑ ፍርድ ቤት ሄደሽ በቤቱ ላይ የእግድ ትዕዛዝ ጠይቂ።

ደስ የማይልሽንም ልንገርሽ። «ዕዳውን የከፈልኩት እኔ ነኝ» ማለት ብቻውን ቤቱን ያንቺ አያደርገውም። በጋብቻ ውስጥ የምታገኚው ደሞዝ ራሱ የጋራ ሀብት ነው። የሱም የአሜሪካ ደሞዝ እንደዚያው። ግማሹ የሱ መሆኑን ይዘሽ ተነሺ፣ ያኔ ድርድሩ ላይ አትደነግጪም።

አሜሪካ ላይ የተሰጠ የፍቺ ፍርድ እዚህ በራሱ አይፈጸምም። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 456 እስከ 461 ያለውን አንብቢ። ፍርዱን የሰጠው አገር የእኛን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆን አለበት። ተከሳሹ ቀርቦ የመከራከር ዕድል ማግኘት አለበት። ፍርዱ የመጨረሻ መሆን አለበት፣ ከሕዝብ ሞራል ጋርም መጋጨት የለበትም። ብዙዎች የሚሰናከሉት የመጀመሪያው ላይ ነው። ስለዚህ እሱ ቨርጂኒያ ላይ ነጻ ሰው ሆኖ፣ አንቺ ወረዳሽ መዝገብ ላይ ባለትዳር ሆነሽ ልትቀሪ ትችያለሽ።

ጥያቄ አለኝ። ዜግነት ቀይሯል? ከቀየረ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊያመራ ይችላል። ካልቀየረ መጀመሪያ ደረጃው የቤተሰብ ችሎት ይበቃል።

የሰፈሩ ሽማግሌ (ጎንደር)

ልጄ፣ ሁሉም ስለ ወረቀት ነገረሽ። እኔ ሌላ ልበል። እግዜር ያጣመረውን ትዳር በቴሌግራም አታፍርሱ። በሁለታችሁም በኩል ያለ ትልቅ ሰው ፈልጊና አንዴ በስልክ ይነጋገሩ። በልጅነቴ ተጣልተው አሥር ዓመት የቆዩ ባልና ሚስት ሽማግሌ ገብቶ ሲታረቁ አይቻለሁ። ሴት ልጅ ደግሞ አባት ያስፈልጋታል።

ሰብለ

አባቴ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። የእናቴ ወንድም ባለፈው ዓመት ደውለውለት ነበር። «አስብበታለሁ» አላቸው፣ ከዚያ ስልካቸውን ማንሳት ተወ። አልቀየምኩትም። ግን በሩን ደጋግሜ አንኳኩቻለሁ።

ጠበቃው፣ ዜግነት አልቀየረም። ደሞዜ የጋራ ነው ማለትዎ ከብዶኛል፣ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ቢሆንም ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ኡሙ ሐያት (ጅዳ)

እህቴ ሰብለ፣ ያንቺን ሳነብ የኔን አስታወሰኝ። እኔ ኮምቦልቻ አግብቼ ነው ወደ ሳዑዲ የመጣሁት። ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠራሁ። በየወሩ ለባለቤቴ እልካለሁ፣ እሱ ቤት ይሠራል። የግድግዳውን ፎቶ፣ የቆርቆሮውን ፎቶ፣ ሳሎኑ ሴራሚክ ሲነጠፍ፣ ሁሉን ይልክልኝ ነበር። አንድ ቀን «ፈትቼሻለሁ» የሚል የድምፅ መልእክት መጣ። አርባ ሁለት ሰከንድ ነው። ዛሬም ስልኬ ላይ አለ።

ኢዳዬን፣ ማለትም ሴት ከተፈታች በኋላ እንደገና ሳታገባ የምትጠብቀውን ጊዜ፣ ቆጠርኩ። በዲን ተፈታሁ አልኩ። ግን ወረቀት የለኝም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌላ ሰው ኒካህ ሲጠይቀኝ «የመጀመሪያው ፍቺሽ የታለ?» አሉኝ። ያኔ ነው ጅዳ ያለው ቆንስላችን ሄጄ ለወንድሜ ውክልና የሰጠሁት። አሠሪዬ ፈቃድ እንድትሰጠኝ ሦስት ዓርብ ለመንኳት። ውክልናው ላይ «ፍቺ እንዲጠይቅ፣ ንብረት እንዲካፈል» ተብሎ በግልጽ ተጻፈ። ወንድሜ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄደ። ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያየው ሁለቱም ወገን ከፈቀዱ ነው። አል ሐምዱሊላህ እሱም እሺ አለ።

ቤቱ ግን መሬቱ በእናቱ ስም ነበር። እኔ አላውቅም ነበር። ያተረፈኝ አንድ ነገር ነው። ብር የላኩበትን ደረሰኝ ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅሜ ነበር። ወንድሜ ይዞት ቀረበ። ደረሰኝ ያለው ብር ተቆጠረልኝ፣ በሰው እጅ የላኩት ግን ውሃ በላው። እህቴ፣ የባንክ ወረቀትሽን ዛሬ ሰብስቢ። ነገ አትበይ። አሏህ ያግራልሽ።

ማርታ

ኡሙ ሐያት፣ አርባ ሁለት ሰከንዷ አስለቀሰችኝ። አይዞሽ እህቴ።

ዮኒ (ስቶክሆልም)

እኔ ከሌላው ወገን ነኝ፣ ሸሽቼ የወጣሁት እኔ ነኝ። ስዊድን ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ልጅ ካለ፣ ወይም አንዱ ካልተስማማ፣ ፍርድ ቤቱ የስድስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ሁለት ዓመት ተለያይቶ የኖረ ሰው ግን ይህን አይጠብቅም። እኛ ሦስት ዓመት ተለያይተን ስለነበር ቶሎ አለቀ። ባለቤቴም ከአዲስ አበባ ተስማማች። አልቋል ብዬ ተኛሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አገር ቤት ገብቼ ላገባ ስል፣ ወረዳው ዘንድ ባለትዳር ነኝ። የስዊድኑን ፍርድ አስተርጉሜ፣ በስዊድን ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ እዚህ ባለው ኤምባሲያችን፣ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም አስመታሁ። በመጨረሻ «የአገር ውስጥ ፍርድ ቤት ውሳኔ አምጣ» አሉኝ። ሠርጉ ለአምስት ወር ተራዘመ፣ ድንኳኑ ሁሉ ተከፍሎበት ነበር። የቀድሞ ባለቤቴ ደግሞ እኔ ሳላውቅ በዚሁ ምክንያት ሁለት ዓመት ስትጉላላ ከርማለች።

ሰብለ፣ በተቻለሽ መጠን እዚያው አገር ቤት በስምምነት ጨርሱት። እሱ ለሰው ውክልና ይስጥ።

ሰብለ

አስተርጉሜ አመጣሁት። ያገር ልጅ እንዳልከው ሁለት ወረቀት ነው። ገጽ ሰባት ላይ «የትም አገር ያለ በሱ ስም የተመዘገበ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሱ ብቻ እንዲሆን ተስማምቻለሁ» ይላል። የልጄ ስም አንድ ቦታ ብቻ ነው የተጠራው፣ ያውም ፊደሉ ተሳስቶ። ተርጓሚው ሽማግሌ ሰው ናቸው። ያቺ ገጽ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ ይህን ማን አዘጋጀልሽ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ለሱ ምን ልበለው? ውክልና ስጥ ብለው ኤምባሲያችን መሄድ እንደሚፈራ አውቃለሁ። የልጄንስ ጥያቄ ማንም አልመለሰልኝም።

ያገር ልጅ (አሌክሳንድሪያ)

የልጅሽን ልመልስልሽ። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ሚስቱንና ልጁን ለማስመጣት ሁለት ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት። ያን ጊዜ እንዳሳለፈው ነው የምገምተው። ግሪን ካርድ ካለው ግን ልጁን ለብቻዋ ማመልከት ይችላል። እናንተ ብትፋቱም አባቷ አባቷ ነው። ያንቺ ሚስትነት ሲያበቃ በሱ ሚስትነት የሚመጣው ፋይል ያበቃል፣ የሷ ግን አይነካም። ብቻ የልደት ሰርተፊኬቷ ላይ ስሙ በትክክል ይኑር፣ ፊደሉም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን። አንቺም ሳትፈቅጂ እንዳትወሰድ የማሳደጉን ነገር ውሳኔው ላይ አጽፊ። ቀለብም እንዳትተዪ። እዚህ የልጅ ቀለብ በፍርድ ቤት ከተወሰነ ከደሞዝ ላይ ቀጥታ ይቆረጣል፣ እናትየዋ ውጭ አገር ብትሆንም ማመልከት ትችላለች።

ኤምባሲ መሄድ ከፈራ፣ እዚሁ ኖታሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ፈርሞ፣ በግዛቱና በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አረጋግጦ፣ ወረቀቱን በፖስታ ወደ ኤምባሲያችን መላክ ይችላል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል።

ሲደውልልሽ አትጩሂበት። «ፍቺውን እኔም እፈልጋለሁ፣ አልከለክልህም። ገጽ ሰባትን ግን አልፈርምም» በይው። በኔ ልምድ ሰው ፍቺው እንዳይዘገይበት ሲል ብዙ ነገር ይስማማል።

ጠበቃው

ያገር ልጅ ያለው ልክ ነው። ውክልናው አጠቃላይ ከሆነ ግን አይበቃም፣ አጠቃላይ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው። «በፍቺ እንዲስማማ፣ ንብረት እንዲካፈል፣ ስለ ልጅ ማሳደግና ቀለብ እንዲዋዋል» የሚሉት ቃላት አንድ በአንድ ይጻፉበት። እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ። ዳኛው እሱን በቀጥታ ማነጋገር ከፈለገ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይቻል እንደሆነ ችሎቱን ጠይቁ።

ሰብለ፣ ሐምሌ 2017

ሰላም። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ ተመልሼ መጣሁ።

ደወልኩለት። ያገር ልጅ እንዳለው አልጮህኩም። መጀመሪያ ዘጋብኝ። በሦስተኛው ቀን ራሱ ደወለ። ስለ ገጽ ሰባት ሳነሳበት ዝም አለ፣ ከዚያ «ጠበቃው ነው የጻፈው» አለኝ። አመንኩት ወይም አላመንኩትም አልልም። ለወንድሙ ውክልና ላከ። መጀመሪያ የመጣው «ፍቺ» የሚለው ቃል የሌለበት ነበርና ተመልሶ ሄደ። ሁለተኛው ስድስት ሳምንት ፈጀ።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ናቸው። ወንድሙን አስወጥተው ብቻዬን «ተገደሽ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አይደለም አልኩ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው በስምንት ዓመት ውስጥ አልነበረም። የማሰቢያ ጊዜ ሰጡን፣ ከዚያ ሰኔ ላይ ስምምነታችን ጸደቀ።

የቤቱ ግማሽ የሱ ነው። ተቀበልኩት፣ ጠበቃው ቀድመው ስለነገሩኝ ነው የቻልኩት። ግን ልጃችን 18 ዓመት እስኪሞላት እኔና እሷ እንኖርበታለን፣ አይሸጥም። የቀረውን የባንክ ዕዳ እኩል እንከፍላለን። ልጅቷን የማሳድገው እኔ ነኝ፣ እሱ በየወሩ ቀለብ ይልካል። እስካሁን አንድ ወር ልኳል። ቨርጂኒያ ላይ የጀመረውን ክስ አንስቷል። አንዳችን እዚህ ስለምንኖርና ሁለታችንም ስለተስማማንበት፣ የእኛን ፍርድ አስተርጉሞ እንደሚያቀርብ ነገረኝ።

ኡሙ ሐያት፣ የባንክ ወረቀቶቼን ሁሉ ሰብስቤያለሁ። እኔም የብስኩት ቆርቆሮ ነው የተጠቀምኩት።

ትናንት ወረዳ ሄጄ የፍቺ ምስክር ወረቀቱን አወጣሁ። ልጄ አብራኝ ነበረች። ወረቀቱን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «የኔም የአባቴ ስም ይጠፋል?» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ነበርን፣ ሰው ሞልቷል። ከቦርሳዬ የልደት ካርዷን አውጥቼ ሰጠኋት። ጣቷን በስሙ ላይ አድርጋ እስከ መገናኛ ድረስ ይዛው ሄደች።